የበላይ አካልና የቱቦ ክዳን

የወረዳ ሹም ምን ይፈራል ብትሉኝ ትልቅ ጥያቄ አይደለም እላችኋለሁ። ትልቅ ጥያቄማ ለሹም እረፍት ነው። አንድ ነዋሪ ተነሥቶ «ይህ የኑሮ ውድነት የት ሊያደርሰን ነው?» ሲል መድረኩ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ግንባራቸው ይፈታል፣ ወንበራቸው ላይ ይደላደላሉ፣ አንዱ የፕላስቲክ ውኃውን ከፍቶ ይጎነጫል። ጥያቄው የእነሱ አይደለማ! ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ፌዴራል፣ ከዚያም ወደ ዓለም ገበያ። የዓለም ገበያ ደግሞ ለስብሰባ ተጠርቶ መጥቶ አያውቅም። ሹም የሚፈራው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ስድሳ ሳንቲ የሆነ ጥያቄ።

እዚያ እስክንደርስ ግን ስብሰባው ራሱ መጀመር አለበት፤ ቶሎ አይጀመርም።

ነገሩ የሚነሣው ቅዳሜ ከሰዓት በሞንታርቦ ነው። «ውድ የወረዳችን ነዋሪዎች» እያለ መኪናው በየመንደሩ ይዞራል። ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ ሌላ መንደር ውስጥ ሲሆን ነው። በእኛ በር ሲያልፍ «ነገ» እና «እንድትገኙ» የሚሉት ብቻ ይደርሱናል፤ በመካከል ያለውን ሰዓትና ቦታ ከባለ ሱቁ እንጠይቃለን። ባለ ሱቁ ያውቃል። ባለ ሱቅ ሁሉን ያውቃል፤ እሱ ራሱ ግን ስብሰባ አይመጣም፤ ሱቁን ማን ይጠብቅለታል?

ጥሪው ለሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ ሰው በሦስት ተኩል ይመጣል፣ መድረኩ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ይሞላል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ዘገየ የሚባል ሰው የለም። በተባለው ሰዓት የሚገኙት ጡረታ የወጡ ወታደርና ወንበር ደርዳሪው ልጅ ብቻ ናቸው። እኚህ ሰው በየወሩ ሰዓታቸውን እያዩ «ይህች አገር» ይላሉ፤ ልጁም ወንበሩን እየጎተተ «አዎ ጋሼ» ይላል። የስብሰባው የመጀመሪያው ውይይት ይሄ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ግን አይያዝለትም።

አቀማመጡም ሥርዓት አለው። ከፊት የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፣ ከመሃል ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ ከኋላ የዕድር ዳኞችና ደላሎች፣ በሩ ጋ ግድግዳውን የተደገፉ ወጣቶች። ወጣቶቹ የፊርማ ወረቀቱ እስኪደርሳቸው ይጠብቃሉ። ወረቀቱ ከደረሰ በኋላ ዞር ብትሉ የምታገኙት ግድግዳውን ነው።

ከዚያ ሪፖርት ይነበባል። የዘጠኝ ወር የሥራ አፈጻጸም በመቶኛ ተሰልቶ ሲቀርብ አዳራሹ ጸጥ ይላል። የሚደንቀኝ ከመቶ በላይ የተፈጸመው ነው። ቦይ ጠረጋን «ከዕቅድ በላይ አሳክተናል» ሲሉ ከኔ አጠገብ የተቀመጡ ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ወረቀት አውጥተው መደመር ይጀምራሉ። ከታቀደው በላይ የተጠረገው ቦይ የት እንዳለ ለማወቅ የሌላ ወረዳ ቦይ ጭምር መቁጠር ሊያስፈልግ ነው።

በመጨረሻ «አሁን ዕድሉ የእናንተ ነው» ይባላል። ያኔ ነው ሰፈሬን የምወድደው።

ለመናገር የሚነሡት ሰዎች ፊታቸው ይለዋወጣል እንጂ ዓይነታቸው አይለወጥም። ቀዳሚው አመስጋኝ ነው። «ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መድረክ ያዘጋጁትን» ብሎ ይጀምርና ከሥራ አስፈጻሚው እስከ ድምፅ ማጉያ አስተካካዩ አመስግኖ ሲያበቃ ሰዓቱ ያልቅበታል። ጥያቄ እንደነበረው ትዝ የሚለው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ታሪክ አዋቂው ይመጣሉ። «እኔ እዚህ ሰፈር ስገባ ጅብ በቀን ይሄድ ነበር» ይላሉ። የተነሡት ስለ ቆሻሻ ማንሻው ጋሪ ሊናገሩ ነው፤ ጅቡን ግን መጀመሪያ ከሰፈር ማስወጣት አለባቸው። አሳድደውት ወንዙን ሲሻገሩ ሰብሳቢው «ጋሼ፣ እባክዎ ወደ ጥያቄው» ይላቸዋል። «እየመጣሁ ነው» ይላሉ። አይመጡም።

ሦስተኛው ባለ ደረሰኝ ነው። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ፣ በ2005 ዓ.ም. «ነባር» ተብሎ እንደገና የተመዘገበ፣ ደረሰኙን በላስቲክ አሽጎ በደረት ኪሱ የሚይዝ ሰው። ስብሰባው ስለ ችግኝ ተከላ ቢሆንም እሱ የሚጠይቀው ስለ ቤት ነው። «ችግኙንማ እተክላለሁ፤ በር ስጡኝና በሩ ላይ ልትከለው» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን አይስቅም። በ1997 ዓ.ም. ሲመዘገብ ያዘለው ልጅ ዛሬ ከጎኑ ቆሞ ማይክራፎኑን ያቀብለዋል።

አራተኛዋ ስም የማትጠራዋ ናት። «ስም አልጠራም፤ ሰው ማስቀየም አልወድም። ብቻ ሰማያዊ በር ያለው፣ ሁለት ውሻ የሚያሳድር፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ሌሊት የሚለቅ አንድ ጎረቤት አለ» ትላለች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አንድ ሰው ያያል። ሰውየው እሱም ዞሮ ከኋላው ያለውን ያያል፤ ከኋላው ግድግዳ ነው።

አምስተኛው ያ ከላይ ያልኳችሁ፣ የዓለሙን ጉዳይ ሁሉ የሚያነሣው ነው። ነዳጁን፣ ዶላሩን፣ የዘይቱን ዋጋ፣ የወጣቱን ሥነ ምግባር፣ የዝናቡን መዛባት ያነሣል። ንግግሩ ያምራል። ጭብጨባ የሚያገኝ እሱ ብቻ ነው፤ መድረክ ላይ ያሉትም ያጨበጭቡለታል። ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ እንምጣ። መድረኩ ጥያቄን አንድ በአንድ አይመልስም፤ በዙር ይሰበስባል። «በመጀመሪያው ዙር ለአሥር ሰው ዕድል እንሰጣለን» ይባላል። አሥሩም ተናግረው ሲያበቁ መልስ ሰጪው ማስታወሻውን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ «አብዛኞቹ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ በጥቅል እመልሳለሁ» ይላል። የጎረቤት ፍሳሽና ኮንዶሚኒየም፣ ጅብና ዶላር በምን እንደሚመሳሰሉ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ የምናውቃቸው መልሶች ይወርዳሉ፦ ትኩረት ተሰጥቶታል፤ በሂደት ላይ ነው፤ የበጀት ውስንነት አለ፤ ከበላይ አካል ጋር እየተነጋገርንበት ነው፤ ኅብረተሰቡም የበኩሉን ድርሻ ይወጣ። እያንዳንዱ መልስ ለየትኛውም ጥያቄ ይሆናል። ባለ ደረሰኙ «በሂደት ላይ ነው» የተባለው ለእሱ ይሁን ለጅቡ ሳይለይ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከሰው አልጣላም፤ የሹሙንም ወገን ልናገር። የወረዳችን ሥራ አስፈጻሚ ወጣት ነው፤ ከመምጣቱ ሌላ ወረዳ ይዛወራል የሚል ወሬ ቀድሞት መጥቷል። ለሚጠየቀው ነገር አብዛኛው ቁልፍ እጁ ላይ የለም። መብራቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ውኃው የከተማው ነው። ስልኩ የራሱ ጌታ አለው። ከሱ በላይ ክፍለ ከተማ አለ፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከዚያ በላይ 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤት አለ። ከፒያሳ ወዲያ፣ ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ የቆመው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ማማ ላይ ወጥቶ ከተማውን አሻግሮ ማየት ይቻላል፤ የኛ መንደር ቱቦ ግን ከዚያ አይታይም። ቱቦው የሚታየው ከወረዳው ነው፤ ክዳኑ ያለው ደግሞ ከላይ። ልጁ እሑድ ከእኛ ጥያቄ ሰብስቦ ሰኞ ክፍለ ከተማ ሄዶ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እጁን ያወጣል፣ «በመጀመሪያው ዙር» ውስጥ ይገባል፣ «በጥቅል» ይመለስለታል። እሱም እንደኛ ነዋሪ ነው፤ የሚለየው ማኅተም መያዙ ነው።

አቤቱታ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአንድ በኩል «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለን ተርተናል፤ በሌላ በኩል «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለናል። በሁለቱ ተረቶች መካከል የቀረችውን ጠባብ መንገድ ይዘን ነው ደጅ ስንጠና የኖርነው። በጃንሆይ ዘመን አቤት ባይ ማመልከቻውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ንጉሡ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ይቆም ነበር። ይህን ሰው ልብ በሉት። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የመድረስ ዕድል በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ ነው። ታዲያ ወረቀቱ ላይ «የዓለም ሁኔታ አሳስቦኛል» ብሎ አይጽፍም። የእርሻው ወሰን ድንጋይ በማን እንደተነቀለ፣ መቼ እንደተነቀለ፣ ከየት ወዴት እንደተወሰደ ይጽፋል። ለንጉሥ የቀረበው ጥያቄ ስለ አንድ ድንጋይ ነበር።

ዛሬም ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚጽፉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይህን ያውቃሉ። ባለጉዳዩ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ሲያወራ በትዕግሥት ይሰሙትና «ማን? መቼ? የት? ምን እንዲደረግልህ ነው የምትፈልገው?» ይሉታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከከሳሽ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከባለጉዳዩ ልቅሶ ግማሽ ገጽ አውጥተው ያስረክቡታል። እኔ በበኩሌ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ በር ላይ ቢቀመጥልን ዋጋውን ከዕድር ገንዘብ ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ።

ቀበሌ ከመጣ ወዲህ ግን አቤቱታችን እየሰፋ ሄደ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የወር ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ። ጣራው ሲያፈስ የሚጠየቀው ቀበሌ ሆነ፤ መታወቂያ ከቀበሌ፣ ስኳርና ዘይት ከቀበሌ ሱቅ። ስብሰባ መቅረትም ያስጠይቅ ነበር። ያ ትውልድ በስብሰባ ላይ ዓለምን መተንተን ተማረ፤ ስለ ጣራው መናገር ግን ረሳ። ዛሬ ቀበሌው ወረዳ ተብሏል፤ እናቶቻችን አሁንም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ይላሉ፤ ጣራውም አሁንም ያፈሳል።

አንድ እሑድ እንዲህ ባለው ስብሰባ መሃል ነው እማማ የተነሡት።

እማማ ጥቁር የሐዘን ሻሽ የማይለያቸው፣ ስብሰባ ላይ ተናግረው የማያውቁ ሴት ናቸው። በራቸው ፊት ቱቦ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሰፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ኮብልስቶን ሲያስነጥፍ እሳቸውም አዋጥተዋል፤ ቱቦውም ያኔ በብረት ክዳን ተከድኖ ነበር። ብረቱን አንድ ሌሊት ሰው ወሰደው። ሰፈርተኛው ጣቱን ቁራሌው ላይ ቀሰረ፤ ቁራሌው ግን በቀን «ቁራሌው!» ብሎ እየጮኸ የሚመጣ ሰው ነው፤ ሌባ እንደዚያ አይጮህም። ብቻ ክዳኑ ሄደ። ሰው እንዳይገባበት ጎረቤት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተከለበት። ቅርንጫፉ ሲደርቅ ሌላ ይተካል። ከመሠረተ ልማታችን ሁሉ ያለ ማቋረጥ እድሳት የሚደረግለት እሱ ነው።

«የኔ ጥያቄ አጭር ነው» አሉ እማማ። ይህን ሁሉም ይላል፤ አዳራሹ ለረጅም ንግግር ተዘጋጅቶ ወንበሩን አስተካከለ። «ከበሬ ፊት ያለው ቱቦ ክዳን የለውም። መቼ ይከደናል?» ብለው ዝም አሉ። ሰብሳቢው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ጠበቀ። አልመጣም።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንመዘግባለን» አለ ሰብሳቢው። «ቀጣይ ዕድል—»

«አልተቀመጥኩም» አሉ እማማ።

ሥራ አስፈጻሚው ማይክራፎኑን ተቀበለ። «እማማ፣ ያነሡት የመሠረተ ልማት ጥያቄ ነው...»

«የመሠረተ ልማት አይደለም ልጄ፤ የቱቦ ነው።»

«እሺ። በዕቅድ ተይዟል።»

«መቼ ይከደናል?»

«በቅርቡ።»

«በቅርቡ ማክሰኞ ነው ሐሙስ?»

አዳራሹ ፈነዳ። ሥራ አስፈጻሚውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ያኔ ነው ፊቱን ያየሁት። ስለ ዶላሩ ሲጠየቅ የተደላደለው ልጅ አሁን የወንበሩ ጫፍ ላይ መጥቷል። ይህ ጥያቄ ወደ ክፍለ ከተማ አያልፍም፤ ወደ ዓለም ገበያ አይሄድም። ከአዳራሹ ወጥቶ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢሄድ ጉድጓዱ እዚያ አለ። ሲከደን ተከድኗል፤ ካልተከደነ አልተከደነም። ከመቶ ስንት እንደተከደነ አይነገርም።

«ሐሙስ» አለ ልጁ። ለምን ሐሙስ እንዳለ እሱም አያውቅም፤ ከሁለቱ የራቀውን መርጦ ይመስለኛል።

ሐሙስ ደረሰ፤ ክዳኑ አልመጣም፤ ሰዎች ግን መጡ። ሦስት ነበሩ፤ ቱቦውን ከብበው ቆሙ። አንዱ ፎቶ አነሣ። አንዱ «ይህ የዝናብ ውኃ መውረጃ ስለሆነ የመንገድ ሠራተኞች ጉዳይ ነው» አለ። ሁለተኛው «ዝናብ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ይሸታልኮ፤ የፍሳሽ ሰዎች ጉዳይ ነው» አለ። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ «በጎኑ ገመድ ያልፋል፤ እነሱ ሳይፈቅዱ እንዴት ይነካል?» አለ። ባለ ሰማያዊ በሩ ጎረቤት ሽታው ሲነሣ ወደ ቤቱ ገባ። እማማ ቡና አፍልተው አቀረቡላቸው። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ሦስቱም የተስማሙበት ነገር ተገኘ፦ ጉድጓድ ነው። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በየትኛውም ወረቀት ላይ ጉድጓድ አልነበረም።

እማማ በሚቀጥለው ስብሰባ መጡ። በሚቀጥለውም መጡ። ጥያቄያቸውን አላሳመሩትም፣ አላስረዘሙትም፣ አዲስ ነገር አልጨመሩበትም። ሌላው ሰው ስለ ተመሳሳይ ነገር በየወሩ የተለየ ንግግር ያደርጋል፤ እሳቸው ያንኑ ቃል በቃል ይደግሙታል፤ ከዚያ አይቀመጡም። ሰብሳቢው እጃቸው ሳይወጣ «እማማ፣ የእርስዎን ይዘነዋል» ማለት ጀመረ። «ያዛችሁት ክዳኑን ከሆነ አምጡት» ይሉታል። ሥራ አስፈጻሚው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላም ከማለቱ በፊት «እየመጣ ነው» ይላል። የክፍለ ከተማው ሰውም ሰኞ ሰኞ እሱን ሲያየው «የቱቦው ልጅ» ይለው ጀመር አሉ። የሰኞው ስብሰባ ውስጥ የእሱም ጥያቄ ርዝመትና ወርድ ስላገኘ መሰለኝ አንድ ማለዳ የኮንክሪት ክዳን በፒካፕ ተጭኖ መጣ። አራት ሰው ተሸክሞ አስቀመጠው። ልክ ሆነ። እማማ ረገጡት፣ ቆሙበት፣ ከላዩ ሆነው «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አሉ። እውነተኛ ምስጋና በዚያ ሰፈር ስሰማ ብርቅ ሆነብኝ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የመጣ ነበርና።

አመስጋኙ፣ ታሪክ አዋቂውና የዓለሙ ሰው ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ነበር። እሑድ ላይ አዳራሹ ሌላ ሆነ። ታሪክ አዋቂው ተነሥተው ጅቡን ሳይጠሩ «የቆሻሻ ጋሪው የኛን ቅያስ ለምን ይዘልላል? ማክሰኞ ይመጣል ሐሙስ?» አሉ። ስም የማትጠራዋ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ምሰሶ አዘንብሏል፤ ማን ያቃናዋል?» አለች። የሒሳብ አስተማሪው «ቀን እየበራ ማታ የሚጠፋው የመንገድ መብራት ቁጥሩን ይዤ መጥቻለሁ» አሉ። የዓለም ጉዳይ ሰውም ዶላሩን ትቶ ስለ አንድ ቧንቧ ጠየቀ፤ ማንም አላጨበጨበለትም፤ ቧንቧው ግን ተመዘገበለት። ባለ ደረሰኙ ብቻ የቀድሞውን ጥያቄ ደገመ፤ የእሱ ከመጀመሪያውም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፣ ቁጥርም ደረሰኝም ያለው፤ መልሱ ግን ዛሬም ከወረዳው አቅም በላይ ነው። ሁሉ ጥያቄ ክዳን አይደለም፤ ይህንም መናገር ደግ ነው።

ሰብሳቢው ማስታወሻውን አየ። ሰባት ጥያቄ፣ ሰባት ቦታ፣ ሰባት ቀጠሮ። አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ በጥቅል የሚመለስ የለበትም። ላቡን በመሐረብ ጠረገና እጁን አንሥቶ ለመነ፦ «ወላጆቼ፣ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ጥቃቅኑን ትተን ጠቅለል ያለ ሐሳብ እናቅርብ! እማማ እንኳ የርስዎ አልቋል፤ ቢናገሩም ጠቅለል ያድርጉልን።»

እማማ ከመሃል ረድፍ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሺ ልጄ፤ ጠቅለል ላድርገው» አሉ። «ሁለተኛው ክዳን።»